ከጎረቤት ደጅ እስከ ችሎት፦ በትዳር ውስጥ ጥቃት የሚደርስባቸው ሴቶች እርዳታ ፍለጋ በኢትዮጵያ

መረጃው በ2008 ዓ.ም. የተሰበሰበው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ይህ አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ የዝምታ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ ሴቶቹ መብታቸውን አያውቁም፣ ስለዚህ ግንዛቤ ይፈጠርላቸው የሚል መደምደሚያም ይከተለዋል። በዚህ አነባበብ አልስማማም። ባሏ የሚመታት ሴት የምታደርገው ብዙ ነገር አለ፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው በመጠይቅ ላይ «እርዳታ» ተብሎ አይመዘገብም።

ባልየው ጠጥቶ በሚገባባቸው ቀናት ልጆቹን ጎረቤት ታሳድራለች፤ እንቅልፍ እስኪጥለውም እሷ ራሷ እዚያው ትቆያለች። ከእንቁላልና ከቅቤ ሽያጭ የተረፋትን ገንዘብ ባሏ በማያውቀው ዕቁብ ታጠራቅማለች። ለንስሐ አባቷ ትናገራለች፤ ችግሩ ከመጠጥ ወይም ከክፉ መንፈስ መጣ ብላ ካመነችም ባሏን ጠበል ይጠመቅ ዘንድ ትለምነዋለች። ነገሩ ሲብስ ኮርፋ ወላጆቿ ቤት ትገባለች። በገጠሩ ማኅበረሰብ ኩርፊያ ትልቅ ጉልበት አለው። ባልየው ያለ እንጀራ ጋጋሪና ያለ ውሃ ቀጂ ይቀራል፤ ሚስቱ ጥላው መሄዷንም መንደሩ ያውቃል። ስለዚህ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ ጥፋቱን አጣርተው፣ ዋስ አስጠርተው፣ አንዳንዴም ካሳ አስከፍለው ይመልሷታል። ይህ አቅም ግን የሚመነጨው ከዘመድ ነው። ወላጆቿ የሞቱባት፣ ርቃ የተዳረች ወይም ባሏን ተከትላ ወደ ከተማ የገባች ሴት ኮርፋ የምትሄድበት ቤት የላትም።

እርዳታ ከጠየቁት መካከል 34 በመቶዎቹ ወደ ጎረቤት፣ 31 በመቶዎቹ ወደ ራሳቸው ቤተሰብ መሄዳቸው ከዚሁ ጋር ይገጥማል። በዚያው ጥናት 63 በመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን የሚመታበት ቢያንስ አንድ ተገቢ ምክንያት አለ ብለዋል፤ ከወንዶች እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ናቸው። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ዱላን ያጸድቃሉ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ለእኔ ግን የሴቶቹ መልስ ከእምነት ይልቅ ልምድን የሚናገር ይመስለኛል። ወጥ አሳርራ ወይም ሳታስፈቅድ ወጥታ የተመታች ሴት አቤቱታዋን ይዛ ሽማግሌዎች ፊት ብትቀርብ ጥፋቱ ወደ እሷ እንደሚዞር ታውቃለች። የምታጸድቀውን ሳይሆን ሰሚ የማታገኝበትን ጉዳይ እየነገረችን ሊሆን ይችላል።

የሽምግልና ትልቁ ችግርም እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎች ብዙውን ጊዜ የሚዳኙት ትዳሩ እንዲቆም ነው፤ የሴትየዋ ደኅንነት ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ቻይው ልጄ፣ ለልጆችሽ ስትይ» የሚለው ምክር ከክፋት የሚነገር አይደለም፤ ግን ወደሚመታት ሰው ይመልሳታል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን በራሳቸው በዘመድ ሽማግሌዎች እጅ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አዞረ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ያም ሆኖ በአንቀጽ 82 መሠረት ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ሊያደርግ፣ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ከድብደባ ሸሽታ ለመጣች ሴት ሦስት ወር እጅግ ረጅም ነው።

በወንጀል ሕጉ በኩል፣ የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደሚያስቀጣ በግልጽ ደንግጓል። ሆኖም ቀላል የአካል ጉዳት በመርሕ ደረጃ የሚያስከስሰው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው፤ አቤቱታዋን እንድታነሳ የባሏ ዘመዶች የሚያደርጉትን ግፊት የምትቋቋመው ብቻዋን ነው። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 በጋብቻ ውስጥ የሚፈጸመውን ጭራሽ አይሸፍንም። የዓለም ጤና ድርጅት ቡታጅራ አካባቢ ባካሄደው ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 59 በመቶዎቹ በትዳር ጓደኛቸው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ማለታቸውን ሳስታውስ ይህ ክፍተት ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

መደበኛው የፍትሕ በር ራሱ ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከውጭ በሚገኝ ገቢ ላይ ያኖረው ገደብ ሥራውን ክፉኛ አዳክሞታል፤ አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ነው። እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ ድርጅቶች መጠለያዎች ደግሞ በአዲስ አበባና በጥቂት የክልል ከተሞች የተወሰኑ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሴትየዋ ፍቺ ሳትጠይቅ ወይም ባሏን ሳታስከስስ ልታገኘው የምትችል የጥበቃ ትእዛዝ ነው፤ ባልየው ለተወሰነ ጊዜ ከቤት እንዲወጣና እንዳይቀርባት የሚያዝ፣ በቀበሌ ደረጃ በፍጥነት የሚገኝ። የቤተሰብ ሕጉ ከጋራ መኖሪያ ማን ይውጣ የሚለውን ጉዳይ የሚያነሳው የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ነው፤ ብዙዎቹ ሴቶች የሚፈልጉት ግን ዱላው እንዲቆም እንጂ ትዳሩ እንዲፈርስ አይደለም። ትእዛዙ ቢኖር ሽማግሌዎቹም እርቅ የሚያወርዱት እሷ በራሷ ቤት፣ ከልጆቿ ጋር፣ ያለ ፍርሃት ተቀምጣ እያለች ይሆናል።