የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

የጋሞ ሰው ጉዳዩን ዱቡሻ ላይ ተነጋግሮ ይጨርሳል ሲባል ሰምታችኋል፡፡ ከእኛው ሴቻ ብዙ ስለማይርቀው ስለ ኦቾሎ ጉባኤዎች ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል፡፡ ዱቡሻ ሰው የሚናገርበትም የሚዳኝበትም ቦታ ነው፡፡ ሴቶች፣ እንዲሁም በሸክላና በቆዳ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ለረጅም ዘመን ከውሳኔው ርቀው መኖራቸውን ግን አንርሳ፡፡ ጥያቄያችንም ከዚሁ ይነሣል፤ “አትናገር” የተባለ ሰው ለማን አቤት ይበል?

በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 የንግግርና የፕሬስ ነፃነትን “በሕግ መሠረት” ይፈቅዳል፡፡ አንቀጽ 122 ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግ ዋጋ የለውም ይላል፡፡ አያምርም? ነገር ግን ዳኛውን የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ጋዜጣውም ያለ ሳንሱር አይወጣም ነበር፡፡ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል ከክሪስቶፈር ክላፋም ጋር ሆኖ የአገራችንን የሕገ መንግሥት ሰነዶች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሁለት ቅጽ አሳተመ፡፡ ተማሪው ሰነዱን ሲያነብ “ሕጉ ዋጋ የለውም የሚለው ማን ነው?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም፡፡ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1803 በማርበሪና በማዲሰን ክርክር “እኔ ነኝ” ብሎ መልሷል፡፡

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሌላ መንገድ መረጠ፡፡ አንቀጽ 29 ሳንሱርን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል፡፡ የመተርጎሙን ሥልጣን ግን በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠ፡፡ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፡፡ ምክንያቱም ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ይተርጉሙት የሚል ነው፡፡ ጋሞም እዚያ ወንበር አለው፤ ይህን ቀላል ነገር አንለውም፡፡

ፈተናው በ1997 መጣ፡፡ በምርጫው ማግስት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰላማዊ ሰልፍና የአደባባይ ስብሰባን ለአንድ ወር አገዱ፡፡ ቅንጅት ፍርድ ቤት ሄደ፡፡ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለአጣሪ ጉባኤው መራው፡፡ ጉባኤውም እገዳው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ፡፡

ምሁሩ አሰፋ ፍሥሐ እ.ኤ.አ. በ2007 በሚዛን የሕግ መጽሔት የምክር ቤቱን ልምድ የመረመረው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ የጽሑፉ አንዱ ጭንቀት ገለልተኝነት ነው፡፡ አባላቱ የገዢው ፓርቲ ሰዎች ከሆኑ በመንግሥት ላይ የቀረበ አቤቱታ ለራሱ ለመንግሥት እንደ ቀረበ አይቆጠርም ወይ?

ሌላም እንጨምር፡፡ ጋዜጠኞችና ጦማሪዎች የተከሰሱበት የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652/2001 በ2012 በአዋጅ 1176 ተተክቷል፡፡ አዋጁን የሻረው ፓርላማው እንጂ ዳኛ አይደለም፡፡ ፖለቲካው እስኪለወጥ ድረስ ታስረው የጠበቁም ነበሩ፡፡

እንግዲህ ወንበሩን እንንቀለው አንልም፡፡ የብሔሮች ጉዳይ ለምክር ቤቱ ይሁን፡፡ የአንድ ሰው አፍ ሲዘጋ ግን አንቀጽ 13 ፍርድ ቤቶችም መብትን የማስከበር ግዴታ አለባቸው ይላል፡፡ ዳኛው ፋይሉን ወደ ላይ ከመምራቱ በፊት ይህን አንቀጽ ገልጦ ቢያነብ ደስ ይለናል፡፡