የቆጋ ግድብና የጠባቂዎቹ ዐይን

የዛሬው ንባባችን ስለ ግድብ ነው። ግድብ ምን ይጠቅማል? ታሪኩስ ምን ያስተምረናል? ደኅንነቱን የሚጠብቀውስ ማን ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ቆጋ እንሂድ።

ቆጋ ወንዝ ነው። የሚገኘው በጎጃም፣ በሜጫ አገር፣ በመራዊ ከተማ አጠገብ ነው። መራዊ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቆጋ ወርዶ ግልገል ዓባይን ይቀላቀላል። ግልገል ዓባይ ደግሞ ጣና ይገባል።

ድሮ የሜጫ ገበሬ የሚያርሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ነበር። ክረምት ሲገባ ይዘራል፤ ሲደርስ ይሰበስባል። በበጋ ግን ወንዙ ይቀጥናል፤ ብዙው መሬትም ጦሙን ያድራል። የክረምቱ ውሃ እኮ አፈሩን ጠርጎ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። «ይህን ውሃ ለበጋ ብናስቀምጠውስ?» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

የዓባይ ተፋሰስ በሰፊው የተጠናው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ተፋሰስ ማለት ውሃው ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድ አገር ሁሉ ማለት ነው። ጥናቱን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ ያካሄደው የአሜሪካ መንግሥት የግድብና የመስኖ መሥሪያ ቤት ነበር። ይህን መሥሪያ ቤት አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለቆጋ ግድብ የአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የፈቀደው በ1993 ዓ.ም. ነው። ግድቡ ተሠርቶ መስኖው ማሳ ማጠጣት የጀመረው ደግሞ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ዋናው ግድብ የተሠራው ከአፈር ነው። ርዝመቱ 1,730 ሜትር፣ ከፍታው 21 ሜትር ያህል ነው። እንዲይዝ የታሰበው ውሃ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ይሞላል። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት! ከአራት ቢሊዮን ጀሪካን በላይ ይሆናል።

ይህ ውሃ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋና ቦይ ይሄዳል። ከዚያ በትናንሽ ቦዮች ይከፋፈላል። የታሰበው 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ነው። በበጋ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርት ይመረትበታል። ጥቅሙ ግን በነጻ አልመጣም። መሬታቸውን ለውሃው የለቀቁ ገበሬዎች አሉ። የካሳውም ነገር ብዙ ክርክር አስነስቷል። ስለዚህ ግድቡን መጠበቅ የእነሱንም ዋጋ ማክበር ነው።

አሁን ወደ ደኅንነቱ እንምጣ። አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። የአፈር ግድብም ብዙ ጊዜ ሳይናገር አይፈርስም። ሁለት ታሪክ እንይ።

የመጀመሪያው በአሜሪካ የሆነ ነው። ያ የዓባይን ተፋሰስ ያጠናው መሥሪያ ቤት በገዛ አገሩ ቲተን የሚባል የአፈር ግድብ ሠራ። ግድቡ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየሞላ ነበር። ግንቦት 28 ቀን 1968 ዓ.ም. ጠዋት፣ ድፍርስ ውሃ በግድቡ ሥር ሲወጣ ታየ። ቀዳዳው እየሰፋ ሄደ፤ በማሽን ሊደፍኑት ቢሞክሩ አልሆነም። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ግድቡ ተደረመሰ። ሆኖም አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሕዝቡ ተነግሮ ስለ ነበር በሺህ የሚቆጠር ሰው ሸሸ። የሞቱት 11 ሰዎች ናቸው። አዋቂ የሠራው ግድብ እንኳ ሊፈርስ ይችላል። አይቶ የሚናገር ሲኖር ግን ብዙ ነፍስ ይተርፋል።

ሁለተኛው በሊቢያ የሆነ ነው። ከደርና ከተማ በላይ ሁለት ግድቦች ነበሩ። ስንጥቅ እንዳለባቸውና ጥገና እንደሚያሻቸው ከዓመታት በፊት ተነግሮ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ውስጥ፣ እኛ ለዘመን መለወጫ ስንዘጋጅ፣ ከባድ ዝናብ ጣለ። ሁለቱም ግድቦች በሌሊት ፈረሱ። በሺህ የሚቆጠር ሰው በተኛበት አለቀ። በቲተን የተናገረ ተሰማ፤ በደርና ማስጠንቀቂያው ወረቀት ላይ ቀረ።

ታዲያ የአፈር ግድብ ሲታመም በምን ይታወቃል? በግድብ ሥር ጥቂት ውሃ መስረጉ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ጠርቶ፣ በልክ የሚወጣ ውሃ ብዙ አያስፈራም። ነገር ግን ውሃው ከደፈረሰ፣ ወይም ከትናንቱ ከበዛ፣ የግድቡን የውስጥ አፈር እየበላ ሊሆን ይችላል። አዲስ ስንጥቅ፣ የሰመጠ ቦታ፣ በደረቁ በኩል ድንገት የረጠበ ሣርም ምልክት ነው።

ትርፉን ውሃ የሚያወጣው ማስተንፈሻም መዘጋት የለበትም። ከተዘጋ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ይፈስሳል። ከላዩ የፈሰሰበት የአፈር ግድብ ደግሞ እንደ ጨው ይሟሟል። በግድቡ ላይ ዛፍ አይተከልም፤ ሥሩ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድም እንደዚሁ ነው። ከብት እየወጣ ሲረግጠው ሣሩ ይነሣል፤ ዝናቡም አፈሩን ያጥበዋል።

ሌላው ጠላት ደለል ነው። ደለል ከተራቆተ ተራራ የሚታጠብ አፈር ነው። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠውን የአንገረብን ግድብ ደለል ክፉኛ አስቸግሮታል። ግድቡ ባይፈርስ እንኳ ጭቃ ከሞላው ውሃው የት ይቀመጣል? ስለዚህ ከቆጋ በላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ የግድቡ ጠባቂ ነው።

መሐንዲስ ግድቡን ይለካል፤ ይጠግናል። ነገር ግን መሐንዲሱ ዘወትር እዚያ አያድርም። ዘወትር የሚያልፉት እረኛው፣ ውሃ ቀጂዋ፣ ማሳውን የሚያጠጣው ገበሬ ናቸው። እንግዲህ እናንተም አዲስ ነገር ስታዩ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ውሃው ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል? ጨምሯል ወይስ እንደ ወትሮው ነው? ጽፋችሁ ለግድቡ ሠራተኞች፣ ለውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበርና ለቀበሌያችሁ አድርሱ። መልስ ካላገኛችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። በቃል የተነገረ ይረሳል፤ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ግን ይጠይቃል።

ለውይይት፦
1. ድፍርስ ውሃ ከጠራው ይልቅ የሚያስፈራው ለምንድን ነው?
2. ቲተንና ደርና በምን ይለያያሉ?
3. በአካባቢያችሁ ያለውን ግድብ ወይም ኩሬ ሄዳችሁ እዩ። ያያችሁትን በሦስት መስመር ጻፉ።

በሉ፣ ደኅና ሁኑ።