ሱቼታ ክሪፓላኒ
ሱቼታ ክሪፓላኒ (እ.ኤ.አ. 1908–1974) በሕንድ የአንድ ክፍለ ግዛት መንግሥት በዋና ሚኒስትርነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። አምባላ ከተማ ተወልደው በባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ የሕገ መንግሥት ታሪክ አስተምረዋል። በ1936 በ20 ዓመት ገደማ የሚበልጧቸውን የኮንግረስ ፓርቲ መሪ ጄ. ቢ. ክሪፓላኒን ሲያገቡ የሁለቱም ቤተሰቦች ተቃወሙ፤ ማህተመ ጋንዲም ጋብቻውን አልደገፉም። ሱቼታ ግን ከውሳኔያቸው አላፈገፈጉም።

በ1942 እንግሊዞች ሕንድን ለቀው እንዲወጡ በተደረገው ንቅናቄ በኅቡዕ ታገሉ። በ1946 ኖአካሊ ውስጥ በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል ደም ሲፈስ፣ ከጋንዲ ጋር ሆነው ተጎጂዎችን ረድተዋል። ሕገ መንግሥቱን ባረቀቀው ጉባኤ ከነበሩት 15 ሴቶች አንዷ ሲሆኑ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1947 ለነፃነቱ ዋዜማ ሌሊት የተጠራውን ስብሰባ «ቫንዴ ማታራም» የተሰኘውን መዝሙር በማዜም የከፈቱት እሳቸው ናቸው።

ከጥቅምት 1963 እስከ 1967 በሕዝብ ብዛት ቀዳሚ የሆነውን የኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት መሩ። የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ለ62 ቀናት ሥራ ሲያቆሙ፣ የሥራ ማቆሙ መሪዎች ለድርድር እስኪለዝቡ ድረስ አልተበገሩም። አቋማቸው ለሠራተኛው ከባድ ነበር፤ ይሁንና ወንበሩን ለስም ብቻ እንዳልያዙት በግልጽ አሳይቷል። በ1967 ከጎንዳ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ1971 ከፖለቲካ ራሳቸውን አገለሉ።