ከቅፍለት እስከ ሎሪ፦ የጎንደር–ገዳሪፍ መንገድና የነጋዴው ስሌት

የንግድ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ሸቀጡ ነው፤ ቡናው፣ ሰሙ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ። ሸቀጡን ከገበያ ወደ ገበያ ያደርስ የነበረው የመንገድ ስሌት ግን እምብዛም አይነገርለትም። ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በመተማ አልፎ፣ ዶካን አቋርጦ ገዳሪፍ የሚገባው መንገድ ይህን ስሌት ለመረዳት ጥሩ ማሳያ ነው።

ከጎንደር እስከ ገዳሪፍ ያለው ርቀት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የተጫነ አጋሰስ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ እንኳ ጉዞው ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ሲራራ ነጋዴው ከመነሣቱ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ማመዛዘን ነበረበት። አንደኛው ወቅት ነው። ክረምት ሲገባ የቆላው ዋልካ አፈር ይጨቀያል፤ ጓንግን የመሳሰሉ ወንዞች ይሞላሉ፤ ወባም ይበረታል። ሁለተኛው ውሃ ነው። በበጋ መንገዱ ቢደርቅም ሰፈር የሚደረገው ከብቱ የሚጠጣው ውሃ ባለበት ስፍራ ብቻ ነው። ሦስተኛው ኬላ ነው፤ እንደ ጭልጋ ባሉ በሮች ቀረጥ ሳይከፍሉ ማለፍ አይቻልም ነበርና። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1699 እ.ኤ.አ. ከስናር በግንቦት ተነሥቶ ጎንደር የገባው በሐምሌ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ መስመር እምብርት መተማ ነበረች። ከዳርፉር አካባቢ የመጡት ተክሩሮች በሰፈሩባት በዚህች ከተማ የደጋው በቅሎና አህያ ጭነቱን ያራግፋል፤ የቆላው ግመል ይረከባል። የደጋው ከብት ቆላውን፣ ግመሉም ዳገቱን አይችልምና፣ ጭነቱን መሐል ላይ ማቀባበሉ ጊዜን ብቻ ሳይሆን የከብቱንም ሕይወት ያተርፍ ነበር። ይሁን እንጂ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት ጦርነት መተማን የጦር ሜዳ አደረጋት። በ1902 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል ደግሞ መተማንና ገላባትን በሁለት አገር ከፈላቸው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የባቡር ሐዲድ ነው። ከፖርት ሱዳን መስመር ተገንጥሎ በ1924 ከሰላ የደረሰው ሐዲድ በ1928 እ.ኤ.አ. ገዳሪፍ ገባ። ከዚያ ወዲህ ገዳሪፍ የቅፍለት መድረሻ ብቻ ሳትሆን የወደብ በርም ሆነች። በ1940ዎቹ በአካባቢው የተጀመረው የትራክተር እርሻ ማሽላና ሰሊጥ ሲያበዛ፣ ከእርሻው እስከ ሐዲዱ ያለውን ርቀት የመሸፈኑ ሥራ በሎሪ ላይ ወደቀ።

በገዳሪፍና በገላባት መካከል፣ ከመንገዱ እኩሌታ አጠገብ የምትገኘው ዶካም በዚህ ታሪክ የራሷ ድርሻ አላት። በ1940 እ.ኤ.አ. ክረምት የኮሎኔል ሳንድፎርድ ቡድን ከጎጃም አርበኞች ጋር ለመገናኘት የተነሣው ከዶካ ነበር። ጣሊያኖች መተማን ይዘው ስለነበር ቀጥተኛው መንገድ ተትቶ አስቸጋሪው መንገድ ተመረጠ። አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ፈጣኑ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ካርቱምን ከፖርት ሱዳን የሚያገናኘው አውራ ጎዳና በ1980 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። የገዳሪፍና የገላባት መንገድም በ2000ዎቹ አስፋልት ለበሰ። ኢትዮጵያ በ1998 እ.ኤ.አ. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ገጥማ በአሰብና በምጽዋ መጠቀም ካቆመች በኋላ መስመሩ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ፤ ከ2003 ጀምሮም የሱዳን ነዳጅ በመተማ በኩል ይገባ ጀመር። ጠዋት ገዳሪፍ ላይ የተጫነ ሎሪ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በዚያው ቀን ድንበር መድረስ ቻለ። የቀድሞው የሳምንት ጉዞ የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ።

ይሁንና ፍጥነቱ የኬላውን ችግር አልፈታም። ሎሪው በሰዓታት ቢደርስም ድንበሩ ከተዘጋ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል፤ ሾፌሩ በረንዳ ላይ ያድራል፤ ኪሳራው በትንሹ ነጋዴ ላይ ያርፋል። በ2020 እ.ኤ.አ. በትግራይ ጦርነት የተሰደዱት ከዶካ ብዙም በማይርቀው በኡም ራኩባ ሲጠለሉ፣ ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሱዳናውያንና ሌሎች ነዋሪዎች በዚሁ መንገድ ወደ መተማ ተሻግረዋል። ሸቀጥ የሚፈስበት መንገድ የሰው መሸሻም ሆነ።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የጥንቱ ነጋዴ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ወቅትን፣ ውሃንና ኬላን ነበር። አስፋልቱ ወቅትን አሸነፈ፤ ሞተሩም ከብት የማጠጣቱን ጭንቀት አስቀረ። ሦስተኛው ግን ዛሬም በነጋዴው እጅ አይደለም፤ የሚወሰነው በሁለቱ አገሮች ሰላም ነው።