እያወሩ የሚሠራ ካርታ

አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሚያመው የራስ ቆዳውና ከአጥንቱ ሥር ያለው ሽፋን ነው። እነሱ በመርፌ ከደነዘዙ፣ ሰው ነቅቶ እያወራ አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ዋይልደር ፔንፊልድ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ የሠራው ይህንኑ ይዞ ነው።

በ1928 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፔንፊልድ የገዛ እህቱን የአንጎል ዕጢ አወጣላት። ሁሉንም ማውጣት ግን አልቻለም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተች። የዚህ ሕክምና ጭንቅ ይሄ ነው፤ ጥቂት ካወጡ ዕጢው ይመለሳል፣ ብዙ ካወጡ ታማሚው እጁን ወይ አንደበቱን ያጣል።

መላው ካርታ ነበር። ፔንፊልድ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሲያክም፣ አንጎሉን በደካማ ኤሌክትሪክ ይነካል። እጅ ከተንቀሳቀሰ ወይም ንግግር ከተቋረጠ፣ ቦታው ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ያስቀምጣል። በ1937 ከኤድዊን ቦልድሬይ ጋር ውጤቱን አሳተመ።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። አንድ መስመር ምን እንደሚሠራ ካልገባኝ ለጊዜው አጠፋውና ምን እንደሚበላሽ አያለሁ። የፔንፊልድም ዘዴ ያው ነው። ልዩነቱ፣ እኔ መስመሩን እመልሰዋለሁ፤ የተቆረጠ አንጎል ግን አይመለስም።

በ1989 ጆርጅ ኦጄማንና ባልደረቦቹ የ117 ታማሚዎችን ካርታ አስተያዩ። የንግግር ቦታው ከሰው ሰው ይለያያል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1978 ኦጄማንና ዊታከር፣ ሁለት ቋንቋ በሚናገሩ ሰዎች ላይ አንዱን ቋንቋ ብቻ የሚያቋርጡ ቦታዎች አግኝተው ነበር።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ጀውሃ የሚደርሰው። በኛ በይፋት ቆላ አንድ ሰው ማሾውን በአማርኛ ሸጦ፣ ዞር ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ይለዋወጣል። አርጎብኛና አፋርኛ የሚሰማም አይጠፋም። ይህን ሰው ሥዕል እያሳየን በአማርኛ ብቻ ብንፈትነው፣ «ውሃ»ን አትርፈን «ቢሻን»ን ልንቆርጥበት እንችላለን። ከእናቱ ጋር የሚያወራው በዚያኛው ቢሆንስ?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ አጋዥነት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው። ዛሬ እዚሁ ተምረው የወጡ፣ ቋንቋችንን የሚሰሙ ሐኪሞች አሉን። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኤምአርአይ ዕጢው የት እንዳለ ያሳያል፣ ዋጋውም ውድ ነው። ታማሚውን «ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ነው የምታወራው?» ብሎ መጠየቅ ግን ምንም አያስወጣም።