የሴቶች የልማት ቡድን (ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ)

ጎረቤታሞች የአካባቢያቸውን ጤና በጋራ የሚጠብቁበት አደረጃጀት። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴት ሠራተኞች መደበ፤ የከተማው ፕሮግራም በ2002 ዓ.ም. ነርሶችን ይዞ ተከተለ። ቡድኖቹ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ሲዘረጉ እያንዳንዳቸው 30 ያህል ቤተሰቦችን አቅፈው፣ አንዷ አምስት በምትመራበት በ«አንድ ለአምስት» ተከፋፈሉ።

ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ከባድ ባላጋራቸው የዓይን በሽታው ትራኮማ ነው፤ ወረዳዎቹ የሚገኙበት ደቡብ ጎንደር በሽታው ከጸናባቸው ዞኖች አንዱ ነው። መድኃኒቱ ዚትሮማክስ በዘመቻ ይታደላል፤ በሽታውን የሚያዛምተው ዝንብ ግን በክኒን አይጠፋም። መከላከሉ መጸዳጃ መቆፈርና የሕፃናትን ፊት ማጠብ ይጠይቃል። ውኃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ ለሚመጣበት ቤት ይህ ቀላል ምክር አይደለም።

መተጋገዙ ግን ከፕሮግራሙ ይቀድማል፦ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ጤና ጣቢያ የሚያደርሱት ጎረቤቶቿ ናቸው።