አንተና እኔ ያለንበት ቃል

ፖላንዳውያን ሕገ መንግሥትን ‹‹ኮንስቲቱትስያ›› ይሉታል። ከላቲን የተወረሰ፣ የሕግ ባለሙያ ካልሆነ በቀር ሰው በየዕለቱ የማያነሣው ደረቅ ቃል ነው። ሠዓሊና የግራፊክ ባለሙያ የሆነው ሉካ ራይስኪ በ2017 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚህ ቃል ሆድ ውስጥ ተሸሽገው የኖሩ ሁለት ጥቃቅን ቃላትን ገልጦ አሳየ። ‹‹ቲ›› በፖላንድኛ አንተም አንቺም ማለት ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ‹‹ያ›› ደግሞ እኔ። ሁለቱን በሰንደቅ ዓላማው ቀለማት፣ በነጭና በቀይ፣ ከሌሎቹ ፊደላት ለያቸው። ፖስተሩ ይኸው ነው። የሰው ምስል የለበትም፤ መፈክርም የለበትም። የእኛው ቃል ቢሰነጠቅ የሚገኝበት ሕግና መንግሥት ነው፤ በእነርሱ ቃል ውስጥ ግን ሰው ተገኘ።

ጊዜው የጭንቅ ነበር። ‹‹ሕግና ፍትሕ›› የተባለው ገዢ ፓርቲ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱንና የዳኞች ጉባኤውን አሠራር የሚለውጡ ሕጎችን በሐምሌ 2017 በጥድፊያ አቀረበ። ዳኞች በፖለቲከኞች እጅ ሊወድቁ ነው ያለው ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ የራይስኪን ቃልም ይዞ ወጣ። ፕሬዚዳንት አንድሬይ ዱዳ ከሦስቱ ሕጎች ሁለቱን አልፈርምም ብለው መለሱ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሁለቱ ሕጎች ተሻሽለው ሲመጡ ፈረሙባቸው። ወረቀት ሕግን አላስቆመም።

ፖላንድ ውስጥ ፖስተር የቆየ ክብር አለው። በሰኔ 1989ኙ ምርጫ ወጣቱ ቶማሽ ሳርኔትስኪ ጋሪ ኩፐርን ከአሜሪካ የካውቦይ ፊልም አምጥቶ፣ በሽጉጥ ፋንታ የምርጫ ወረቀት አስጨብጦ፣ ደረቱ ላይ የ‹‹ሶሊዳርኖሽች›› ን ምልክት ለጥፎ አቆመው። ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም ጀግና ያስፈልገው ነበር፤ ብቻውን የሚመጣ፣ ሌላው ሕዝብ በመስኮት የሚያየው ጀግና። የራይስኪ ፖስተር ጀግናን አሰናበተ። ለእኔ የሚበልጥብኝም በዚህ ነው።

ቃሉ ከግድግዳ ወደ ካናቴራ ወረደ፤ በ2018 ሰዎች በየከተማው ሐውልቶችን ሳይቀር አለበሱት፤ ፖሊስም ምርመራ ከፈተ። የመንግሥት ደጋፊዎች ‹‹የሁላችን የሆነውን ሕግ የአንድ ወገን መለያ አደረጋችሁት›› የሚል ወቀሳ አነሡ። ወቀሳው ቀላል አይደለም። ‹‹አንተ›› የሚለው ቃል ባላንጣንም ካልጨመረ ‹‹እኔ›› ብቻ ይቀራል።

በ1989 የሶሊዳርኖሽች ዕጩዎች ለምርጫ ፖስተራቸው ከሌኽ ቫዌንሳ ጎን ቆመው ፎቶ ይነሡ ነበር፤ መራጩ በእርሱ እንዲያምናቸው። በታኅሣሥ 2018 በዋሽንግተን የጆርጅ ቡሽ አባትየው የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲፈጸም፣ ሽማግሌው ቫዌንሳ ከመሪዎች መካከል ተቀምጦ ታየ። ከኮቱ ሥር ያ ካናቴራ ነበር።